ጫካው ለምን ልክ አለው? በጥግግት ላይ የተነሳ ረጅም ክርክር

መነሻው

ክሩን፣ ማለትም ይህን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው ጥያቄውን ያቀረበው በሙግት መልክ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ በዕድሜው ተቆጥሮ የማያልቅ ዘር ያራግፋል፤ አይጥ በዓመት ደጋግማ ትወልዳለች። ታዲያ መጥረቢያም እሳትም ባልደረሰበት ደን ውስጥ የዛፉም የእንስሳውም ቁጥር ለምን ከአንድ ልክ አያልፍም? እሱ መልሱ የአየር ጠባይ ነው ባይ ነው። ድርቅ፣ ውርጭና አውሎ ነፋስ ሲመጣ ይቀንሳሉ፣ ደህና ዓመት ሲሆን ይበዛሉ፣ በቃ። ጥግግት የሚባለው ነገር፣ ተቀራርቦ መብዛት ራሱ ቁጥርን ይገድባል የሚለው፣ ወረቀት ላይ የሚሳል መስመር እንጂ ጫካ ውስጥ ሲሠራ የሚታይ አይመስለውም። ከዚያ አንድ የታዘበውን ጨመረ፤ በአንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ቡቃያ አይቶ፣ በዓመቱ ተመልሶ ሲሄድ አንድም አላገኘም። ዝናቡ ግን መልካም ነበር።

ይህ ትዝብት የራሱን ግምት የሚንድ ነው፤ ከእሱ በኋላ የጻፉት አብዛኞቹም የያዙት እሱን ነው። ከዚህ በታች ምላሾቹን በየቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ፤ አንዳንዱን በስፋት፣ አንዳንዱን በአጭሩ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ጠያቂውን አመስግኖ ሁለት ነገሮችን እንዲለይ ጠየቀው። ውርጭ መቶ ቡቃያ ካለበት ቦታ ግማሹን ከገደለ፣ አሥር ሺህ ካለበትም ግማሹን ይገድላል፤ ስንት እንደሆኑ አይቶ አይመጣም። እንዲህ ያለ ጉዳት ቁጥርን ያወርዳል እንጂ ልክ አያበጅለትም። ልክ የሚበጀው ሲበዙ የሚከብድ፣ ሲያንሱ የሚቀል ነገር ሲኖር ብቻ ነው። የአየር ጠባይ ብቻ የሚነዳው ቁጥር ዕድል ወደወሰደው ሲዋልል ኖሮ ወይ ይጠፋል ወይ ያለ ገደብ ያብጣል። ይህን ሐሳብ ቤልጂጋዊው ፒየር ፍራንስዋ ቬርሁልስት በ1838 በቀመር ማስቀመጡን ጠቅሶ አበቃ።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ደን ማልማት ሥራው የሆነ ሰው ነው። እኩያ ችግኞች ተጠጋግተው ሲተከሉ ለጥቂት ዓመታት ሁሉም ያድጋሉ፤ ቅጠላቸው ከተጋጠመ በኋላ ግን አንዱ የሚሰፋው ሌላው ሲሞት ነው። ጃፓናዊው ዮዳና ባልደረቦቹ በ1963 ያወጡትን ሕግ በቀላል ቁጥር አስረዳ። የዛፎቹ ብዛት ወደ ሩብ ሲወርድ የቀሩት አማካይ ክብደት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከአራቱ ሦስቱ ሞተው እንኳ መሬቱ የተሸከመው ጠቅላላ ክብደት እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ልኩ ከዝርያ ዝርያ ትንሽ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ቀጥሎ የጻፈው ነው። በጎረቤቱ የተሸነፈ ዛፍ ባንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ የታች ቅርንጫፎቹ ይደርቃሉ፣ አናቱ ይጠባል። ሲቆረጥ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቀለበቶች በዓይን እስከማይለዩ ድረስ ቀጥነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ከገፋ በኋላ አንድ ደረቅ ወራት ወይም አንድ ቅርፊት በል ጥንዚዛ መጥቶ ይጨርሰዋል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ድርቁ ወይም ጥንዚዛው ነው፤ የጎረቤቱን ጥላ የሚጽፍ የለም። ለጠያቂው ሙግት ከዚህ የሚበልጥ መልስ በክሩ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ በአየር ጠባይ ሞቱ ከሚባሉት ዛፎች ስንቶቹ አስቀድሞ በጥግግት ተዳክመው እንደነበር ካልተጣራ የሞት መዝገቡ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ምላሽ 3

ሦስተኛዋ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነች፤ ሁለተኛውን በአክብሮት አረመችው። በእናት ዛፍ ሥር ያለው ቡቃያ ብርሃን ተሻምቶ ለመሞት ጊዜውም ቁመቱም የለውም። እሷ በየጊዜው የምታየውን ጻፈች። ዘር ጥቅጥቅ ብሎ በተዘራበት መደብ ላይ ማለዳ አንዲት ቡቃያ ጎንበስ ብላ ትገኛለች። ቀረብ ብሎ ላያት፣ ግንዷ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቡናማ ሆኖ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉም አልጠወለገም። በማግስቱ በዙሪያዋ ያሉት ይወድቃሉ፣ ከዚያም ክቡ እየሰፋ ይሄዳል። ሳሳ ብሎ በተዘራው መደብ ግን ያው በሽታ አንድ ሁለቱን ይይዝና ይቆማል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሻገርበት ርቀት ረዝሞበታል። ፈንገሱም ፈንገስ መሰሎቹም አፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ አሉ፤ የሚለየው ዘሩ የተቀራረበበት መጠን ነው።

የክሩ ከፋች ባየው ዛፍ ሥርም ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ይሆናል ብላ ገመተች። ዳንኤል ጃንዘን በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 ለየብቻቸው ያቀረቡትን ሐሳብም አያይዛ ጠቀሰች። ዘርና ቡቃያ የሚያጠቁ ጠላቶች ብዙዎቹ አንድን ዝርያ ወይም የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ መርጠው የሚበሉ ስለሆኑ፣ በእናት ዛፍ አጠገብ ይከማቻሉ፤ ከእናቱ ርቆ የወደቀ ዘር ያመልጣል፤ በመካከሉ ባለው ቦታ ሌላ ዝርያ ይበቅላል።

ምላሽ 4

አራተኛው ሦስተኛዋን አመስግኖ ጉዳዩን ከፈለው። ርቀትና ጥግግት አንድ አይደሉም፤ ከእናቱ ሥር ሁለቱ ስለሚገጥሙ ተለይተው አይታዩም እንጂ። ጠላት ከእናቲቱ ላይ እየወረደ ቡቃያዋን ሊያገኝ ይችላል፤ ወይም ከእናቲቱ ርቆም ቢሆን ቡቃያ የተሰበሰበበትን ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ ማስረጃ ዘረዘረ። በፓናማ ቦይ ግድብ ውኃ በተከበበችው ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ በ50 ሄክታር ውስጥ ያለ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማያንስ ግንድ ሁሉ ተቆጥሮ ይለካል። እዚያ በተደረገና በ2000 በወጣ ጥናት 53 ዝርያዎች ታይተው፣ በሁሉም ላይ ዘሩ ሲበዛ ቡቃያ የሚሆነው ድርሻ ያንሳል። በቤሊዝ ደን ደግሞ በ2014 በወጣ ሙከራ መሬቱ ላይ ፀረ ፈንገስ ሲረጭ የጥግግቱ ጫና ጠፋ፤ የቡቃያው የዝርያ ስብጥርም ቀነሰ። ፀረ ተባይ ሲረጭ የትኛው ዝርያ እንደሚበዛ ተለወጠ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥግግት ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው የሚለው ክርክር ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ክሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ምላሽ 5

አጭር ናት። ስለ ዛፉ በቂ እንደተባለ፣ ስለ እንስሳቱስ ማን እንደሚናገር ጠየቀች።

ምላሽ 6፣ 7 እና 8

ስድስተኛው ከአሪዞና የካይባብ አምባ አጋዘኖችን አመጣ። አካባቢው በ1906 ለአደን እንስሳት ተከለለ፣ ተኩላውና የተራራ አንበሳው ተገደለ፣ አጋዘኑ ከ4,000 ወደ 100,000 አደገ፣ ከዚያ በ1920ዎቹ አጋማሽ በረሃብ አለቀ የሚለውን ታሪክ ተርኮ፣ አዳኝ ከሌለ የሚመጣው ይህ ነው ብሎ ደመደመ።

ሰባተኛዋ ቁጣዋን አልሸሸገችም። የ100,000ው ቁጥር ከተለያዩ ግምቶች ውስጥ ትልቁ ተመርጦ ለዓመታት ሲገለበጥ የኖረ ነው፤ በ1970 ግሬም ኮግሊ የተባለ ተመራማሪ መረጃው አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳይቷል፤ በዚያው ዘመን በአምባው ላይ ይግጡ የነበሩት በግና ከብት መቀነሳቸውም አልተቆጠረም። ያልተጣራ ቁጥር ይዞ ማስተማር ነውር ነው እስከማለት ደረሰች። ስምንተኛው ምላሽ የስድስተኛው ሰው ነው፤ መነቀፉ ሳይሆን የተነቀፈበት አነጋገር እንዳስከፋው ጽፎ፣ አጋዘኑ በዝቶ ማለቁን ግን ማንም እንዳልካደ አጥብቆ ተናገረ።

እዚህ ላይ ከሰባተኛዋ ጋር ነኝ፣ በአነጋገሯ ባልሆንም። በዝተው አልቀዋል የሚለው አይበቃም፤ ምን አበዛቸው፣ ምን ጨረሳቸው የሚለው ነው ቁም ነገሩ። አዳኙ መገደሉና ግጦሹ መለቀቁ በአንድ ጊዜ ከሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ምላሽ 9

ዘጠነኛው ክርክሩን ያበረደው በማስታረቅ ሳይሆን የተሻለ ምሳሌ በማምጣት ነው። በሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ያለችው አይል ሮያል 535 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የምትሰፋ፣ በደን የተሸፈነች ደሴት ነች። ሙስ የሚባለው ግዙፉ የአጋዘን ወገን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደረሰባት፤ ተኩላ ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ በበረዶ ላይ ተሻግሮ ገባ። ከ1958 ጀምሮ ሁለቱም በየዓመቱ ይቆጠራሉ። በ1980 ተኩላዎቹ 50 ነበሩ፤ ፓርቮ ቫይረስ የሚባል የውሻ በሽታ ገብቶ በ1982 ወደ 14 አወረዳቸው። አዳኙ ሲቀንስ ሙሱ በዛ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ 2,400 ገደማ ደረሰ። ክረምት ምግቡ የሆነውን ባልሳም ፈር የሚባል ዛፍ ችግኝ እየጋጠ ቁመት እንዳያወጣ አደረገው። ቀጥሎ የ1996 ክረምት ከባድ በረዶ ይዞ መጣ፤ የተራቡት እንስሳት ላይ መዥገር በረታ፤ በ1997 የቀሩት 500 ያህል ብቻ ነበሩ።

ዘጠነኛው ያሳሰበው ነገር የጊዜ መዘግየትን ነው። ሙስ ምግቡ ባነሰ ዕለት መውለዱን አያቆምም። ቁጥሩ ከመሬቱ የመሸከም አቅም በላይ አልፎ ይሄድና ውሎ አድሮ ይወድቃል። የተበላው ችግኝ እስኪተካ ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ጥግግት ልክ ያበጃል ሲባል ቁጥሩ አንድ ቦታ ረግቶ ይቆማል ማለት አይደለም።

ምላሽ 10

አሥረኛዋ የሰሜን ደኖችን ጥንቸል ጨመረች። ቁጥሯ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ወጥቶ ይወርዳል፤ ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት አንድ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይከተላታል። ገዳዩ ምግብ ማጣት ነው ወይስ አዳኝ የሚለውን ለመለየት በካናዳ ዩኮን በክሉዋኔ አካባቢ ሰፋፊ ቦታዎች ተከልለው ተሞከረ። አዳኝ የታገደበት ቦታ የጥንቸሉን ጥግግት በሁለት እጥፍ፣ ምግብ የተጨመረበት በሦስት እጥፍ አሳደገ። ሁለቱ በአንድነት ሲደረጉ ግን በ11 እጥፍ። ድምራቸውም ብዜታቸውም ያን ያህል አይሆንም። የተራበች ጥንቸል ምግብ ፍለጋ ራቅ ብላ ትወጣለች፣ ስትወጣ ትበላለች፤ አዳኝ የምትፈራዋ ደግሞ ተደብቃ ትራባለች፣ ጥቂትም ትወልዳለች። በውይይቱ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ደጋግሜ ያሰብኩበት ይህ ነው።

ምላሽ 11

የወፎቹን ነገር ያነሳው ሰው ነው። አንዳንዱ ወፍ ሳይራብም ሳይበላም ቁጥሩ ይገደባል፤ ክልል ያጣ አይወልድምና። በእንግሊዝ አገር በኦክ ደን ውስጥ ክልል የያዙ የግሬት ቲት ጥንዶች ተይዘው ሲወሰዱ፣ ከጫካው ውጭ ባለው አጥር ቁጥቋጦ ይኖሩ የነበሩ ወጣት ወፎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ገብተው ተተኩ። ውጭ ሆነው ተራ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው። ግንድ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችም የበሰበሰ ትልቅ ዛፍ ከሌለ ምግብ ተትረፍርፎ እንኳ አይበዙም፤ የእንጨት ሳጥን ሲሰቀልላቸው ይበዛሉ።

ምላሽ 12

ይህ የእኔ ነው። ሁላችንም ጥግግት ገደለ፣ ጥግግት ገደበ እያልን ስንጽፍ ማንበቤ አላስደሰተኝም። ጥግግት እጅ የለውም። የሚገድለው ጥላው ነው፣ ፈንገሱ ነው፣ መዥገሩ ነው፣ ሊንክሱ ነው፣ የተያዘው ጎጆ ነው። ጥግግት ለእነዚህ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ አንድ ሰው የዚህ ዝርያ ቁጥር በጥግግት ይወሰናል ሲል በምን በኩል የሚለውን ካልመለሰ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሞታል። ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ መንገዱን ካላወቅን ፀረ ፈንገስ ልንረጭ፣ አዳኝ ልንመልስ ወይም ዛፍ ልናሳሳ መሆኑን መወሰን አንችልም።

ምላሽ 13 እና 14

አሥራ ሦስተኛው ነገሩን ወደ ሰው ልጅ ወሰደው፤ የሰው ብዛት ከምግቡ ቀድሞ ያድጋል ያለውን ማልተስን ጠራ፣ ስለ ከተማ መጨናነቅ ሰፊ ሐተታ ጻፈ። አሥራ አራተኛዋ በሁለት መስመር ዘጋችው። ሰው ምግቡን ከሌላ አህጉር የሚያስመጣ፣ መድኃኒት የሚሠራ፣ ስንት ልጅ እንደሚወልድ የሚመርጥ ፍጡር ስለሆነ ከቡቃያ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፣ ይህን የሚል ሰው ሌላ ክር ይክፈት አለች። ትንሽ ደረቅ ነበረች፤ ትክክል ግን ነበረች።

ምላሽ 15

አሥራ አምስተኛው ከርዕስ የወጣ መስሎ የእኔን ነጥብ ያጸና ምሳሌ ይዞ መጣ። የጎማ ዛፍ በአማዞን ደን ውስጥ በሄክታር ጥቂት ሆኖ ተበታትኖ ይበቅላል። ሄንሪ ፎርድ ከ1928 ጀምሮ በብራዚል ታፓጆስ ወንዝ ዳር ይህንኑ ዛፍ አጠጋግቶ በሰፊው አስተከለ። የዛፎቹ አናት ሲቀራረብ የቅጠል ፈንገስ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ቅጠላቸውን አራገፈው፤ እርሻው ሳይሳካ በ1945 ለብራዚል መንግሥት ተሸጠ። በእስያ ግን ያው ዛፍ ተጠጋግቶ ተተክሎ ያመርታል፤ ፈንገሱ ውቅያኖሱን አልተሻገረም። ጥግግቱ አንድ፣ ዛፉ አንድ፤ ጠላቱ ካለና ከሌለ ውጤቱ ሌላ።

ምላሽ 16 እና 17

እስካሁን ከነበረው ሁሉ የከረረው እዚህ ነው። አሥራ ስድስተኛው ስታቲስቲክስ አዋቂ ነው፤ አራተኛውን ባሮ ኮሎራዶን እንደ ወንጌል ትጠቅሳለህ ብሎ ጀመረ። የዘሩ ቁጥር ራሱ በስህተት ከተለካ፣ ምንም የጥግግት ጫና በሌለበትም ዘር በበዛበት ቡቃያ የሚሆነው ድርሻ ያነሰ መስሎ ይታያል። ዘር የሚቆጠረው በወጥመድ ነው፣ ቡቃያው ደግሞ የሚቆጠረው ወጥመዱ አጠገብ ባለ ሌላ መሬት ላይ ነው። እንዲህ ካለው መረጃ ያለ ጥንቃቄ የሚወጣ መስመር ምንም አያሳይም አለ። ሁሉንም ያልገባቸው ብሎ በጅምላ መዝለፉ ግን አያስፈልግም ነበር።

አሥራ ሰባተኛዋ በእርጋታ መለሰችለት። የመለኪያ ስህተቱ እውነት ነው፣ ባለሙያዎችም ተከራክረውበታል፤ ነገር ግን የፀረ ፈንገሱ ውጤት በሙከራ የተገኘ ነው፣ ከተረጨው ጎን ያልተረጨ አለ፤ የመለኪያ ስህተት ሁለቱንም እኩል ይነካል። ከዚያ እሷ ራሷ የጃንዘንና የኮኔልን ሐሳብ የሚያስቸግር ነገር አቀረበች። ሥሮቻቸው ላይ ሽፋን የሚያበጅ ማይኮራይዛ የሚባል አጋዥ ፈንገስ ያላቸው እንደ ጥድ መሰል ፓይንና ኦክ ያሉ ዛፎች ቡቃያቸው በእናቱ አጠገብ ሲሻለው ይታያል፤ ጠቃሚው ፈንገስ ከእናቱ ሥር በቀላሉ ያገኘዋልና። በኮንጎ ተፋሰስ ጊልበርቲዮደንድሮን የሚባል እንዲህ ያለ ዛፍ ሰፊ ቦታ ብቻውን ሸፍኖ ይገኛል። አሥራ ስድስተኛው አልተመለሰም፤ ቢመለስ እወድ ነበር፣ ጥያቄው ከአነጋገሩ ይልቅ ዋጋ ነበረውና።

ምላሽ 18

ሌላ ሰው ማነስም እንደሚገድል አስታወሰ። መንገደኛዋ እርግብ በሰሜን አሜሪካ ደኖች በእጅግ ግዙፍ መንጋ ትዋለድ ነበር። አደንና የደን ምንጣሮ ቁጥሯን ካሳነሰው በኋላ የተረፉት ጥቂቶች እንደገና መብዛት አልቻሉም። የመጨረሻዋ በ1914 በሲንሲናቲ መካነ እንስሳት ሞተች። ዋርደር ክላይድ አሊ ያጠናው ክስተት ነው፤ ከአንድ መጠን በታች ጓደኛ ማግኘት፣ አዳኝን በብዛት ማጥገብ ወይም የአበባ ዱቄት መቀበል ይከብዳል።

ምላሽ 19

የክሩ ከፋች ተመለሰ። ስለ ቡቃያው አመነ፤ ስለ ሙሱ ግን አልለቀቀም። 1996ን ያመጣው በረዶ ነው፣ በረዶ ደግሞ የአየር ጠባይ ነው አለ። ጠንካራ ሙግት ነው። የመለስኩለት እንዲህ ነው፤ በረዶው 500 ጠግበው ያደሩ ሙሶችን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይጥልም ነበር። ችግኙ ተግጦ ባለቀበት ደሴት ላይ 2,400 የተጎሳቆሉ እንስሳትን ስላገኘ ነው። የአየር ጠባይ ብዛት አይቶ አይመጣም ያለው አንደኛው ሰው ልክ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ በብዛቱ ይወሰናል።

ምላሽ 20 እና 21

አንዲት ተማሪ ይህን ሁሉ በገዛ ዓይኗ ለማየት ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀች። የችግኝ ጣቢያዋ ሠራተኛ፣ ያች የሦስተኛው ምላሽ ጸሐፊ፣ መለሰችላት። ከእናት ዛፉ ሥርና ራቅ ካለ ቦታ ላይ አንድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ መደቦች ትከልል፤ በሁለቱም ዘንድ ግማሹን አሳስታ፣ ግማሹን አጠጋግታ የዚያኑ ዝርያ ዘር ትዝራ። ይህ ርቀትን ከጥግግት ይለይላታል። እያንዳንዱን ቡቃያ በቀጭን ሽቦ ምልክት አድርጋ በየሳምንቱ ትቁጠር፤ በወር አንዴ ከሆነ የወደቀው በስብሶ ስለሚጠፋ ምን እንደገደለው አይታወቅም። የተወሰኑትን መደቦች በወንፊት ሽቦ ብትሸፍን አይጥና ወፍ አይደርስባቸውም፣ ፈንገሱ ግን ያልፋል። ሽቦው ጥላ እንዳይጥል ዓይኑ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ያልተሸፈኑት ላይም ጎኑ ክፍት የሆነ ተመሳሳይ ሽቦ ከላይ ይደረግ፣ ያለዚያ የጥላው ውጤት ከአይጡ ጋር ይደባለቅባታል። የወደቀ ቡቃያ ስታገኝ ደግሞ ከመንቀሏ በፊት ግንዱ አፈሩን የሚነካበትን ቦታ ትይ፤ ቡናማ ሆኖ ከቀጠነ ፈንገስ ነው፣ በንጹሕ ከተቆረጠ ጥርስ ነው።